ጥርስ የሌለው ማጨጃ

በእኛ ቀበሌ አያ ይስማውን ሳያማክር በሬ የገዛ ሰው የለም። አንድ ሰው ገዝቶ ነበር፤ በሬው በሳምንቱ ሞተ። ከዚያ ወዲህ የለም። አያ ይስማው አማቴ ናቸው። አምበር ገበያ ላይ የበሬውን አፍ ከፍተው ጥርሱን ያያሉ፣ ሻኛውን ይጨብጣሉ፣ ጎኑን በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጋሉ። ከዚያ ወይ «ይሁን» ይላሉ፣ ወይ ምንም ሳይናገሩ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አርባ ዓመት አልተሳሳቱም።

ስለዚህ ማኅበራችን ለትራክተሩ የሣር ማጨጃ ሊመርጥ ሲነሣ ሰው ሁሉ ወደ እሳቸው ዞረ። ትራክተሩን የምነዳው እኔ ነኝ፤ አንሙት እባላለሁ። ደብረ ማርቆስ አንድ ወር ሠልጥኜ ወረቀት ተሰጥቶኛል። ወደ እኔ የዞረ ሰው አልነበረም።

ነገሩ የዋዛ አይደለም። የወል መስካችን ክረምቱን ሙሉ ከብት አይገባበትም፤ ሕዳር ላይ ይታጨዳል፣ ድርቆሹ እየታሰረ በየቤቱ ይከመራል። በሬዎቻችን እስከ ግንቦት የሚዘልቁት በእሱ ነው። አያ ይስማው ደግሞ የራሳቸው ጭንቀት ነበረባቸው፤ አይናገሩትም እንጂ። ቦራ የሚሉት በሬያቸው አሥራ ሁለት ዓመት አርሶላቸው ጥርሱ አልቋል። ድርቆሽ ሲሰጡት ያላምጠው ያላምጠውና ጠቅልሎ ይተፋዋል። ለሥጋ የሚፈልጉት ሰዎች ሁለት ጊዜ መጡ፤ ሁለቴም ውሻ ለቀቁባቸው። «ቦራ ይኼን በጋ ካልወጣ አባባም አብረውት ይተኛሉ» ትላለች ባለቤቴ ዓይናዲስ። እሷ የምታጋንን ሴት አይደለችም።

በሕዳር ሚካኤል ዋዜማ ደብረ ማርቆስ ሦስት ሆነን ሄድን፤ እሳቸው፣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር መሪጌታ ታዲዮስና እኔ። ሻጩ ሁለት ዓይነት አሳየን፤ የወሰድነው ካልሆነን በሳምንት ውስጥ መልሰን ሌላውን መውሰድ እንደምንችልም ነገረን። አንደኛው ረጅም ክንድ ነው፤ ክንዱ ላይ ጥርሶች እንደ መጋዝ ተደርድረዋል።

«ይኼ ሣሩን ከሥሩ ቆርጦ እንዳለ ያስተኛዋል። ለድርቆሽ ይኼ ነው» አለ ሻጩ። ሁለተኛው ወፍራም የብረት ሣጥን ነው፤ ቢላዋው ከሥሩ ይሽከረከራል። «ይኼ ቁጥቋጦ ለመመንጠር ነው። ሣር ካገኘ ይከትፈዋል።»

ከዚህ የበለጠ ግልጽ ንግግር በሕይወቴ አልሰማሁም።

አያ ይስማው ተንበረከኩ። ከክንዱ ጥርሶች አንዱን በጣታቸው ያዝ አድርገው ወዘወዙት። ያ ጥርስ ወዲህና ወዲያ መንሸራተት አለበት፤ የሚያጭደው በዚያ ነው።

«ይነቃነቃል» አሉ።

«ሥራው ነው፣ አባቴ» አለ ሻጩ።

«ጥርሱ የሚነቃነቅ በሬ ለክረምት አይደርስም።» ተነሥተው ወደ ሣጥኑ ሄዱና ጎኑን መታ መታ አደረጉ። ድም አለ። «ይሁን» አሉ።

መሪጌታን አየኋቸው። መሪጌታ ጣራውን አዩ። ድጓውን ከነምልክቱ በቃላቸው የሚያውቁ ሰው፣ ሻጩ የተናገራትን እንዳልሰሙ ሆኑ። እኔም እንዳልሰማሁ ሆንሁ።

ሕዳር ሚካኤል ባለፈ ማግስት መስኩ ላይ ገባሁ። አገሩ ወጥቶ ያያል። አንድ መስመር ሄጄ ዘወር ስል ከኋላዬ የቀረው የተከተፈ ጎመን ነው። አይታሰር፣ አይከመር። ሞተሩን አጥፍቼ ሰው እስኪናገር ጠበቅሁ። አያ ይስማው ከግራሩ ሥር ምርኩዛቸውን ተደግፈው ዙሪያቸውን ይቃኛሉ።

መሪጌታ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «አዲስ በሬ በመጀመሪያው ቀን ቀንበር አይለምድም» አሉ።

«እውነት ነው፤ ይለምዳል» አለ ሰው ሁሉ።

ብረት ነው እኮ የሚለምደው! ብስጭቴን ዋጥሁና ሞተሩን አስነሣሁ። በሁለተኛው ቀን «ነገ ይሻላል» ተባለ። በሦስተኛው ቀን እንዳላማው የሚባለው ጎረቤታችን፣ የዛሬው ከትናንቱ ትንሽ ረዘም አላለም ወይ ብሎ ጠየቀ። ተሰብስበው መሬቱን አዩና ረዘም ብሏል ተባባሉ። እኔም ብሏል አልሁ። የመስኩ ሩብ በዚህ አለቀ።

በአራተኛው ቀን ጠዋት አያ ይስማው ራሳቸው መጥተው ከትራክተሩ ፊት ቆሙ።

«ተሳስቻለሁ» አሉ። «አርጅቻለሁ። ያን የሚነቃነቀውን አምጡ።»

እሳቸውን የመሰለ ሰው ከሕዝብ ፊት እንዲህ ሲል መስማት አንጀት ይበላል። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድሁ።

ማጨጃውን ቀየርን፤ የቀረውን ሣር በሁለት ቀን አስተኛው። ክምሩ ካምናው አነስ ቢልም ቆጥቦ ላበላ ይደርሳል። የተከተፈውን «የመረጠ ይውሰደው» ተባለ፤ ሰው ሳቀ። በአያ ይስማው ሲሳቅ ስሰማ የመጀመሪያዬ ነው። በሚቀጥለው የአምበር ገበያ እንዳላማው ብቻውን ሄዶ በሬ ገዛ።

ይኼን የሰማሁ ዕለት ልጠይቃቸው ሄድሁ። ከበረቱ ደጃፍ ተቀምጠዋል። ከኋላቸው ያ የተከተፈ ሣር በጆንያ በጆንያ ሆኖ እስከ ጣራው ተደርድሯል። ቦራ አፉን ቅርጫት ውስጥ ነክሮ ይበላል። አይተፋም።

ቆሜ ብዙ አየሁት።

«አያ፣ አውቀው ነው?»

የቦራን አንገት አሹለት። «ለአሮጌ በሬ መስክ ልከትፍ ብል ማን ይሰጠኛል? ሰውየው መመለስ ይቻላል አለ። አንሙት እስከ ቀትር ይነዳል፣ አንዱ ይጮኻል፣ ተሳስቻለሁ ብዬ እመልሳለሁ አልሁ። ለቦራ እስከ ቀትር ይበቃው ነበር።» ከዚያ ድምፃቸው ተቆጣ። «ሦስት ቀን ሙሉ ዝም ትሉኛላችሁ ብዬ መች ጠረጠርሁ? የሰው ሁሉ ድርቆሽ እኮ ነው! አንተስ ወረቀት አለኝ ትል የለም ወይ? ምነው አላስቆምኸኝ?»

አክብሬዎት ነው ልል አፌን ከፈትሁና አፈርሁ። ጎንበስ ብዬ ከጆንያው አንድ እፍኝ ዘግኜ ለቦራ ዘረጋሁለት። በላ።