አስራ አራት፣ እንደገና ከአስር

የአውቶቡሱ ወንበር ወደ ኋላ አልሄድ አለ። ሾፌሩ ከወንበሩ ስር ያለውን ብረት ሳብ አድርጎ በተረከዙ ወለሉን ገፋ፤ ወንበሩ ንቅንቅ አላለም። ወርዶ አጎንብሶ አየ። የተሰበረ ነገር የለም። ወንበሩ የሚሄድበት ሐዲድ አልቋል፣ በቃ።

ተመልሶ ተቀመጠና እጁን በሆዱና በመሪው መሃል አስገባ። ሁለት ጣት ገባ። ሦስተኛው እምቢ አለ።

ይህ የጣት ልኬት የቆየ ነው። ከአራት ዓመት በፊት መሪው ሲዞር የሸሚዙን ቁልፍ እየጠረገ ነበር የሚዞረው። የሥራ ባልደረቦቹ «ጎተራ» ይሉታል፤ ስኳር ነበረበት፤ ሲተኛም ትንፋሹ ቁርጥ እያለ ሚስቱን ያስደነግጣታል። ሐኪሞች ጨጓራውን ቆርጠው አሳነሱለት። በዓመቱ በሆዱና በመሪው መሃል አንድ ሙሉ ስንዝር ገባ። ስኳሩ ወረደ፣ ትንፋሹ ተስተካከለ። ስሙ ብቻ አልወረደም፤ «ባዶ ጎተራ» ተብሎ ተሻሻለ እንጂ።

አሁን ሁለት ጣት። ሐኪም ቤት ከረገጠ አንድ ዓመት ከሰባት ወር ሆኖታል። ነርሷ ሦስት ጊዜ ደውላለች፤ ሦስቱንም ጊዜ ስልኩን እያየው ጮኾ ጮኾ እንዲያርፍ ተወው። ምን ብሎ ይሄዳል? «ያጠበባችሁልኝን አሰፋሁት» ይበል?

«ሱሪዬ ግን ልክ ነው» አለ ለራሱ።

ይህች ነበረች መጽናኛው። ሚስቱ ልብስ ሰፊ ናት። «ሰው ይዋሻል፣ ሚዛን ይበላሻል፣ መስታወት ያሞኛል፤ ጨርቅ ግን አይዋሽም» ማለት ትወዳለች። ሰማያዊው የደንብ ልብስ ሱሪው ደግሞ ዛሬም ጠዋት ተቆልፏል። ስለዚህ የተበላሸው ወንበሩ መሆን አለበት።

በመጨረሻው ፌርማታ ወርዶ የጎን መስታወቱን ሲወለውል፣ አስር ዓመት አብሮት የሠራው ትኬት ቆራጭ ከኋላው ቆመ።

«ጎተራ፣ ቁም እስቲ! አትዙር!»

«ምን ሆነ?»

«ሱሪህ ከኋላው ነጠብጣብ አወጣ። ኩፍኝ ይዞት ይሆን?»

«ቀልድህን ተወና ግባ፣ ሰዓት ደርሷል።»

«እኔ መች ቀለድኩ? ሱሪህ ነው የሚቀልደው። ሸሚዝህን ወደ ታች ሳብ አድርግ፣ ተሳፋሪ እየሳቀብህ ነው።»

ቀኑን ሙሉ ጀርባውን ከሰው እየደበቀ ነዳ። ተረኛው ሲቀበለው በቀጥታ ወደ ቤት ሄደ። ሚስቱ ፊት ለፊት ባለው ክፍል የስፌት መኪናዋ ላይ ተደፍታ መጋረጃ ትሰፋለች። ሰላምታም ሳይሰጣት ወደ መኝታ ቤት አለፈ፤ ሱሪውን አውልቆ ወደ መስኮቱ ብርሃን ዘረጋው።

ከወገቡ በታች፣ ልክ በመሃል ስፌቱ ላይ፣ አራት ጣት የሚሰፋ ባለ ሦስት ማዕዘን ጨርቅ ገብቷል። ሰማያዊ ነው፤ ግን የስፒል ራስ የሚያህሉ ነጫጭ ነጠብጣቦች አሉበት። ጨርቁ ከየት እንደሆነ ለማወቅ ሁለተኛ ማየት አላስፈለገውም። የእናቱ የቤት ቀሚስ ነበር።

አልጋው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለ።

እናቱ አብረዋቸው ይኖሩ ነበር። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ሐኪሙ «እያንዳንዱን ጉርሻ ሃያ ጊዜ አኝክ» ሲለው፣ በዚያ ቤት እንደሱ ቀስ ብሎ የሚበላ እናቱ ብቻ ነበሩ። አራት ጥርስ ነበራቸው፤ አራቱም እርስ በርስ አይተያዩም። ሚስቱ ደንበኛ እያስጠበቀች ስለምትበላ፣ ምግብ እሷ ፊት ሲቀርብና ሲያልቅ አንድ ነው። እናትና ልጅ ግን በማድ ቤቱ መስኮት ስር ሁለት ትንንሽ ሰሃን ይዘው ፊት ለፊት ይቀመጣሉ። እናቱ ይቆጥሩለታል። «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት…» አስራ አራት ላይ ሲደርሱ ሁልጊዜ ይጠፋባቸዋል።

«የት ደረስኩ?»

«አስራ አራት ብለሽ ነበር እኮ፣ እማዬ።»

«አፍህ ሞልቶ አታውራ። አስር ይሁን። አስር፣ አስራ አንድ…»

እንዲህ እያሉ ሐኪሙ ካዘዘው በላይ ያሳኝኩት ነበር፤ ሚስቱም ከስፌት መኪናዋ ሆና ትሰማቸው ነበር። እናቱ ሲያርፉ ያ ጠረጴዛ ባዶ ሆነ፤ እሱም ተመልሶ አልተቀመጠበትም። ምሳውን አውቶቡሱ ወንበር ላይ መብላት ጀመረ። እንቁላልና ሥጋ ሁለት ጉርሻ ሳይሆን ሆዱን ይሞላበታል፤ ብስኩት በጣፋጭ ሻይ የተነከረ ግን ማኘክም አይፈልግ፣ እንደ ውሃ ይወርዳል። አንድ ፓኮ ሁለት ሆነ፣ ሁለቱ በየፌርማታው ሆነ።

ፎጣ አሸርጦ፣ ሱሪውን በእጁ አንጠልጥሎ ወጣ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

የመኪናው ድምፅ ቆመ። «ሱሪ።»

«ሱሪ መሆኑ መች ጠፋኝ! ይሄ ነጠብጣቡ!»

ሚስቱ በከንፈሯ የያዘቻቸውን ስፒሎች አንድ በአንድ እያወጣች ጨርቅ ላይ ሰካች። እንዲህ ቀስ ስትል የምትናገረው እየፈለገች እንደሆነ ያውቃል።

«አየኸው?»

«ከተማው ሁሉ አየው!»

«ሌላ ሰማያዊ ስላጣሁ ነው። ደግሞ ሸሚዝህን ወደ ውጭ ስለምታደርገው አይታይም ብዬ…»

«ከመቼ ጀምረሽ ነው?»

«እማማ ካረፉ በሁለተኛው ወር። ስትቆልፍ ትንፋሽህን ስትይዝ አየሁህ። ያኔ ስትቀንስ ሱሪህን ሳጠብብልህ የስፌቱን ትርፍ አልቆረጥኩትም ነበር፤ የማንንም አልቆርጥም። ገላህን ስትታጠብ ጠብቄ አንድ ጣት ለቀቅሁልህ። ከዚያ ደግሞ አንድ። ባለፈው ሳምንት ትርፉ አለቀ።»

«ጨርቅ አይዋሽም የምትዪው አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

«ጨርቁ ምን አደረገ? ያስዋሸሁት እኔ ነኝ።» መጋረጃውን ገፋ አደረገች። «በእናትህ ሐዘን ላይ ደግሞ ሱሪህ እንዲናገርህ አልፈለግሁም። ልጠቅምህ ብዬ ጎዳሁህ።»

ሊቆጣ አፉን ከፈተ። ቁጣው ግን መንገድ ላይ ቀረ።

«እኔም ወንበሩን ወደ ኋላ ሳንሸራትት ነው የከረምኩት» አለ።

«የቱን ወንበር?»

«የአውቶቡሱን። ዛሬ ሐዲዱ አለቀ።»

አየችው። ፎጣ እንዳሸረጠ፣ ሱሪውን እንደ ዓሣ አንጠልጥሎ።

«ታዲያ እጅህ መሪው ላይ እንዴት ይደርሳል?»

«በጣቴ ጫፍ ነው የምነዳው።»

«ሕዝብ ልትፈጅ!» አለችና ሳቋ አመለጣት። እሱም ሳቀ፤ ስቆ ስቆ መጋረጃው ክምር ላይ ቁጭ አለ። ሳቁ ሲበርድለት አይኑን በሱሪው ጠረገ።

«የተሰጠኝን ዕድል በላሁት እኮ። ስኳሩ ይመለሳል። ስተኛም እንደድሮው ትንፋሼ ቁርጥ ይል ይሆናል። ምን ብዬ ፊታቸው እቆማለሁ?»

«አብረን እንቆማለና። እኔ የምለቀው ጨርቅ የለኝም፣ አንተ የምታፈገፍግበት የለህም። ነገ እንሄዳለን።»

«ነርሷ ትቆጣኛለች።»

«ትቆጣ። የኔን ሃያ ዓመት የቻልክ ሰው የነርስ ቁጣ ያቅትሃል?»

ነርሷ አጭር ሴት ናት፤ መነጽሯን ግንባሯ ላይ ሰቅላ ታስቀምጠውና ትፈልገዋለች። በማግስቱ ሚዛኑ ላይ ሲወጣ ግድግዳ ግድግዳውን አየ። ጻፈች። አልተቆጣችም።

«ስንት መጣ?» አለ ቀስ ብሎ።

«ከቀነስከው ሲሶው ተመልሷል። ሁለቱ እጅ አልተመለሰም። አንተ ግን ሁሉን ያጣህ ይመስል ተደበቅህ። እኔ የምደውለው ለዚህ ጊዜ ነበር እኮ! ክብደት የሚመለስበት ሰው ብዙ ነው፤ አንተ የመጀመሪያው አይደለህም።» መነጽሯን ከግንባሯ አውርዳ አደረገች። «ምሳህን ከማን ጋር ነው የምትበላው?»

«ከመሪው ጋር።»

እስክሪብቶዋ ቆመ። «ከየትኛው መሪ? ባለሥልጣን ሆንክ እንዴ?»

«ከአውቶቡሱ መሪ ጋር ነው፣ የኔ እህት!» አለች ሚስቱ ከወንበሯ። «የሚታዘዝለት እሱ ብቻ ነው።»

ደሙ ተወሰደ። ሐኪሙም አየው፤ ስኳሩ ጫፍ ላይ ደርሷል እንጂ ገና አልተሻገረም። ከዚያ ነርሷ አስቀመጠችውና የሚያውቀውን ሁሉ እንደ አዲስ ነገረችው፤ ብስኩትና ጣፋጭ ሻይ ከአውቶቡስ ይውረዱ፣ ከሰሃኑ መጀመሪያ እንቁላሉ ወይ ዓሣው ወይ ምስሩ ይበላ፣ ውሃ ከምግብ ጋር አይጠጣ፣ በየወሩ ይምጣ።

«ያኔ አኝክ ስንልህ ጎበዝ ነበርክ። እንዴት ሆኖልህ ነበር?»

«ቆጣሪ ነበረኝ» አለ።

ሚስቱ መሬት መሬት አየች። «ከአሁን በኋላ እኔ እቆጥርለታለሁ» አለች።

መቁጠሩ ቀላል አልሆነም። በመጀመሪያው ቀን ማድ ቤቱ መስኮት ስር ተቀመጡ፤ እሱ የመጀመሪያውን ጉርሻ ሳይውጥ የሷ ሰሃን ተወለወለ።

«ኧረ አንቺ ሴትዮ!»

«ምን ላድርግ፣ ተንሸራተተብኝ።»

ስትቆጥርም እንደ ስፌት መኪናዋ ነው፤ «አንድሁለትሦስትአራት» ትላለች፣ ሃያው ሳይታኘክ ያልቃል። በአራተኛው ቀን ተኮራርፈው በሉ። በሁለተኛው ሳምንት ብስኩት ገዝቶ ሳይከፍተው ለትኬት ቆራጩ ሰጠው። በሦስተኛው ሳምንት ገዝቶ በላው፤ ማታ ሳትጠይቀው ነገራት። «ነገ ሌላ ቀን ነው» ብላ ሰሃኑን አቀረበችለት።

በሁለተኛው ወር መጨረሻ አንድ ጠዋት ሦስተኛው ጣት ገባ። ሾፌሩ ወንበሩን አንድ ጥርስ ወደ ፊት ሳበው።

«ወንበሩ ተሠራ?» አለ ትኬት ቆራጩ።

«ወንበሩ ምን ሆኖ ነበር?»

የዚያን ቀን ቤት ሲገባ ሚስቱ ሱሪውን አስወልቃ፣ ገልብጣ ጭኗ ላይ ዘረጋች፤ ነጠብጣቡን ወደ ውስጥ አጠፈችው። «እየነገርኩህ ነው፤ ደብቄ አይደለም። አንድ ጣት ወደ ውስጥ።»

«አትቁረጪው።»

«መች ቆርጬ አውቃለሁ?»

ከዚያ ለምሳ ተቀመጡ። እንቁላሉን ጎረሰ። እሷ ሹካዋን አስቀምጣ፣ እጇን አጣጥፋ፣ እንደምንም ራሷን ገትታ ጀመረች። «አንድ። ሁለት። ሦስት።» መስኮቱ ክፍት ነው፤ ደንበኛ በር ላይ ቆማለች፤ ትጠብቅ። «አስራ ሦስት። አስራ አራት። አስራ…»

እጁን አነሳና አስቆማት። አፉ ሞልቷል፤ መናገር አይችልም። ሁለቱንም መዳፎቹን ዘርግቶ አስሩን ጣቶች አሳያት።

ግራ ገብቷት ጣቶቹን አየች፤ ከዚያ አይኑን አየች፤ ከዚያ እማማ ይቀመጡበት የነበረውን፣ አሁን እሷ የተቀመጠችበትን ቦታ።

«የት ደረስኩ?» አለች ቀስ ብላ። «አስር ይሁን። አስር፣ አስራ አንድ…»

ሾፌሩ አኘከ።