የውቢት ግራጫ ጀልባ

ውቢት አፍሪዳር ሰፈር በሚገኘው አዳራሽ ማክሰኞ ማክሰኞ ኪሮሽ የሚሠሩትን ሴቶች ስትቀላቀል፣ ያማራት ማሪናው፣ የጀልባዎች ማቆሚያው ላይ ያየቻትን ግራጫ ጀልባ በክር ማውጣት ብቻ ነበር።

ሴቶቹ ግን ወግ አላቸው። የጎረቤት ሳህን ባዶውን እንደማይመለስ ሁሉ፣ የጓደኛ ሥራም እጅ ሳያርፍበት አይመለስም። ሥራውን ያነሳች ሴት ሁሉ «እጅሽ ይባረክ» ብላ ጥቂት ትጨምርበታለች። ጀልባዋም አዳራሹን ዞራ ስትመለስ ዳር ዳሯ ሮዝ፣ ሸራዋ ላይ ጽጌረዳ ነበራት። ግድግዳው ላይ የተሰቀለውም ሁሉ እንደዚያው ነው።

ውቢትን ከፋት። ግን ደግነትን በምን አፍ ይቆጡታል? እሷም ወግ አይቀርምና ዓመት ሙሉ ለሌሎቹ ጽጌረዳ ስትጨምር ከረመች። አንድ ቀን ሲብስባት ታላቃቸውን እትዬ ለተን፣ «ሮዝ ይህን ያህል ለምን ወደዱ?» አለቻቸው።

«እኔ? እናንተ ትወዳላችሁ ብዬ እንጂ፣ እኔማ ዓይኑንም ማየት አልፈልግ።»

ውቢት ሌሎቹንም ጠየቀች። መልሳቸው ያው ነው። ታዲያ ማን ነው የወደደው? ግራ ገባት።

ጀልባዋን እንደገና፣ ቤቷ ተደብቃ፣ በግራጫ ክር ብቻ ሠርታ ጨረሰች። ልጇ ሚሪ ከሥራ ስትገባ ጀልባዋን አነሳቻትና ዕብራይስጥ ቀላቅላ አደነቀች።

«ኤይዜ ዮፊ፣ እማ፣ እንዴት ታምራለች። ጽጌረዳዋን ማን ጨመረልሽ?»

ውቢት ተቀብላ አየቻት። የሸራዋ ጫፍ በዚያው ግራጫ ክር አምስት የአበባ ቅጠል አውጥቶ እንደ ጽጌረዳ ተጠቅልሏል። እስከዚያ ድረስ ጀልባዋን ጽጌረዳ ከለመደው ከራሷ እጅ በቀር ማንም አልነካትም።