ለእንግዳ የተመረጠ እንጨት

ሄስተር ላንግሪጅ ሃምሳ ዓመቷን የደፈነችው ክንፍ ስታሰብር ነው። እንግሊዝና ጀርመን በተዋጉበት በመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ጊዜ አዲስ ዓይነት አውሮፕላን ሲወጣ አንዱን ክንፍ በጀርባው ገልብጠው ያስሩና አሸዋ የሞላ ከረጢት ይደረድሩበታል፤ አየሩ ከታች የሚገፋውን ያህል አሸዋው ከላይ ይጫነዋል። ስንት ሲጫን እንደሚሰበር አስቀድማ በሒሳብ የምትናገረው እሷ ናት።

ሒሳብ የተማረችው ጀርመን ነው። የአገሯ የእንግሊዝ ዩኒቨርሲቲ ሴትን ቢያስተምርም ዲግሪ አይሰጥም ነበርና። ተመልሳ ዕድሜዋን ለልጃገረዶች ክፍልፋይ ስታስተምር ኖረች። መንግሥት ያስታወሳት ወንዶቹ ሲዘምቱ ነው። ክንፎቹን ከእንጨት የሚሠሩት አናጢዎች መጀመሪያ ላይ በጀርመኑ ንጉሥ ስም «የካይዘር ተማሪ» እያሉ ያሽሟጥጡባት ነበር። ኋላ ግን ክንፉ ሁሉ ከተናገረችው ትንሽ አልፎ ሲሰበር ጊዜ፣ ጠንቃቃ ሴት ናት ተባለ።

ባለፈው ሚያዝያ ክንፉን እሷ ያሰላችለት አንድ አውሮፕላን ሰማይ ላይ ክንፉ ተገንጥሎ ወደቀ። አጣሪዎች ቁጥሯን መርምረው ጥፋት የለብሽም አሏት። ከዚያ ወዲህ እህል በአፏ አልጣፍጥ አለ። ጥፋት ቢያገኙባት ኖሮ ቢያንስ የምታርመው ነገር ይኖራት ነበር።

ዛሬ የሚሰበረው፣ አብራሪው ካፒቴን ዴንት ነገ ለሙከራ ለሚያበረው ዓይነት አውሮፕላን የተሠራ ክንፍ ነው። ከለንደን ሹማምንት መጥተዋል። ደንቡ የአውሮፕላኑን ክብደት አምስት እጥፍ ይቻል ይላል፤ እሷ ስድስት ላይ ይሰበራል ብላለች። ስድስት አለፈ። ሰባትም አለፈ። ክንፉ ስምንት ሊሞላ ሲል ተሰበረና አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ሚስ ላንግሪጅ» አለ ዴንት እየሳቀ፣ «ከእርስዎ ሒሳብ ይልቅ እንጨቱ ይወደኛል።»

የሥራው ኃላፊ ኮሎኔል ፌርዌዘር ክንፉ አልፏል ብለሽ ፈርሚ ብሎ ብዕሩን ዘረጋላት። እሷ ግን አሸዋው ላይ ተንበርክካ ስብርባሪውን አነሣች። ትንሽ ማለፍ ያለ ነው፤ ይህን ያህል ግን አይደለም። እንጨቱ እንደተበጠረ ፀጉር ቀጥ ያለ፣ አንዲት ጉጥ የሌለው ነው። ዘንድሮ በመርከብ የሚመጣው እንጨት ደግሞ ጉጥ በጉጥ መሆኑን ታውቃለች።

የአናጢዎቹን አለቃ ሚስተር ታፕሎን ጠርታ ይህን ከየት አመጡት አለችው።

ታፕሎ ፊቱ በራ። «ከክምሩ ውስጥ ስንመርጥ ዋልን እንጂ። እንግዳ ሲመጣ ከጓዳ ምርጡ አይደል የሚወጣ? ደግሞ ከሚያዝያ ወዲህ ከስተዋል እሜቴ። ዛሬ እንኳ ቀና ብለው ይሂዱ ብለን የባሰ ተጠነቀቅን።»

«ሁልጊዜም ለፈተናው እየመረጣችሁ ነው የምትሠሩት?»

«ታዲያስ።»

እስከ ዛሬ ያሰበረቻቸው ክንፎች ሁሉ የእንግዳ ክንፎች ነበሩ፤ የሚበሩት የሚሠሩት ግን ከተረፈው እንጨት ነው። ልትቆጣው ፈለገች፤ ቁጣው አልመጣላትም። ሰውየው ሊያስደስታት ነው የደከመው።

ለኮሎኔሉ አልፈርምም አለችው። ከራሱ ከዴንት አውሮፕላን ላይ አንዱ ክንፍ ወርዶ ይሰበር አለች።

ኮሎኔሉ እንግዶቹን በዓይኑ ቃኝቶ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ጀርመኖቹ እንኳ በቀን ሁለት ክንፍ አይሰብሩብኝም።»

አጠገቡ ከቆሙት ሳቅ የጀመሩ ነበሩ። ዴንት ግን አልሳቀም። የምቀመጥበት እኔ ነኝ፣ ይሰበር አለ። ታፕሎ ማንንም ቀና ብሎ ሳያይ መፍቻውን ይዞ ሄደ፤ ክንፉን የፈታው ራሱ ነው።

ከረጢቶቹ እንደገና ተደረደሩ። አራት እጥፍ እንኳ አልሞላም፣ ክንፉ ጉጡ ላይ እንደ ደረቅ ብስኩት ተሰበረ። ማንም አላጨበጨበም። ዴንት ስብራቱን በጣቱ ዳሰሰ፣ ቆቡን አነሣና ወደ ውጭ ወጣ።

ሄስተር ከረጢት ላይ ተቀመጠች። ይህን አንድ ሰው እንዳዳነች ልቧ ያውቃል፤ ደስታው ግን ሊደርስላት አልቻለም። ታፕሎ አጠገቧ መጥቶ ቆመ።

«በዘንድሮው እንጨት የሠራችኋቸው፣ ወደ ጦር ግንባሩ ወደ ፈረንሳይ የሄዱት ብዙ ናቸው?» አለችው።

ታፕሎ በጣቱ መቁጠር ጀምሮ ተወው። ኮሎኔሉ ማንም ሳያዘው እንዳይበሩ ሊያስቆም ወደ ስልኩ ሮጠ።

«ዛሬ እዚያ ሰማዩ እንዴት ነው?» አለች ሄስተር።

«ጥርት ያለ ነው ይላሉ፣ እሜቴ» አላት ታፕሎ። «ለመብረር የተመቸ ቀን።»