ዋናውን አስቀድም

በአርባ ዛፍ ኪዳነ ምሕረት አጥቢያ ሰው ሲሞት፣ ገናዡ ሳይጠራ በፊት «ላቀውን ጥሩት» ይባላል። ላቀው ቄስ አይደለም፤ ድቁናም የለው። በስም የሰበካ ጉባኤ ጸሐፊ ነው። አገሩ የሚያውቀው ግን በመርዶ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ በዚያ ጋራ ላይ የሞት ወሬን ወደ ሰው ቤት ይዞ የገባው እሱ ነበር።

መርዶ ወግ አለው። ሩቅ ላለ ሰው «ታሟልና ቶሎ ና» ተብሎ ይላካል እንጂ «ሞቷል» አይባልም፤ መንገዱን ሲመጣ ልቡ ጥቂት በጥቂት እንድታውቀው ነው። ከዘመድ ቤት እህል ቀምሶ፣ ጎኑን አሳርፎ ያድራል። ሊነጋጋ ሲል ሽማግሌዎች ይገባሉ። ሴት ከሆነች ግራና ቀኝ የሚይዟት ሁለት ሴቶች ቀድመው ይቀመጣሉ። ከዚያ ላቀው ስለ ዓለም አላፊነት፣ ስለ ፈጣሪ ቸርነት ጀምሮ፣ ዞር ዞር ብሎ፣ የሟቹን ስም መጨረሻ ላይ ያወጣዋል። ስሙ እስኪወጣ ሐዘንተኛው አውቆታል። ላቀው የሚያውቀውን ያጸናለታል እንጂ የማያውቀውን አይነግረውም። «ከላቀው አፍ የሰማ ቶሎ ይበረታል» ይሉ ነበር ሰዎቹ።

እንግዲህ በጥቅምት መባቻ፣ የሃይማኖት ሰዎችን ከጋዜጠኛ ጋር እንዴት እንደሚነጋገሩ የሚያስተምር አንድ ድርጅት ጎንደር አራዳ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና አዘጋጀና፣ ከየአጥቢያው አንድ ሰው ይላክ አለ። የደብሩ አስተዳዳሪ ቄስ ሐብተ ማርያም ብዙ አላሰቡም።

«አንተ ሂድ ላቀው። አፍህ ለሰው ይጥማል።»

አዳራሹ የሆቴል ፎቅ ላይ ነበር። ቄሱም፣ ሼሁም፣ ፓስተሩም አንገቱ ላይ ስሙን አንጠልጥሎ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጠ። አሠልጣኟ ወይዘሮ አዜብ የጎንደር ልጅ ናት፤ ብዙ ዓመት በሬድዮ የሠራች፣ ቆፍጠን ያለች ሴት። ሰሌዳው ላይ «ዋናውን አስቀድም» ብላ ጻፈችና ድምፅ ማጉያውን ለላቀው ሰጠችው።

«እኔ ጋዜጠኛ ነኝ። ቤተ ክርስቲያናችሁ ውስጥ አደጋ ደርሷል። ምን ተፈጠረ?»

ላቀው ጋቢውን አስተካከለ። «እንደምን ዋላችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን። መቼም የሰው ልጅ ዘመኑ እንደ ሣር ነው፤ ጠዋት ለምልሞ...»

«ጋሽ ላቀው፣ አርባ ሰከንድ አለቀ። ማን ሞተ?»

«እሱማ ይመጣል። ምነው ተቸኮለ?»

አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከአዘዞ የመጡ አንድ ሼህ «ተዪው ልጄ፣ እስከ ዓርብ ይደርስበታል» አሉና ሳቁን አባሱት። ላቀውም አብሮ ሳቀ። አዜብ ግን ሳቁ እስኪያልፍ ጠብቃ፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ተናገረች።

«ስሙኝ። በመጀመሪያዋ አንድ ሰዓት እናንተ ካልተናገራችሁ ሐሰተኛ ይናገርላችኋል። ሐሰተኛው ደግሞ መግቢያ የለውም። ማን፣ የት፣ እንዴት፤ ሦስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል።»

ይህ ነገር ላቀውን ልቡ ላይ ነካው። ወሬ ምን እንደሚያቃጥል ያልታየበት አገር አይደለም። ደብተሩ ላይ ጻፈው፤ ማታ ባረፈበት ቤት እየደጋገመ ተለማመደው። በሦስተኛው ቀን ከሁሉ የበለጠ እሱ ነበር። አዜብ እንኳ «ይኸውላችሁ፣ እንዲህ ነው!» ብላ አጨበጨበችለት። ምስክር ወረቀቱን ይዞ ወደ ጋራው ተመለሰ።

ኅዳር ላይ የቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ አልቆ ጉልላቱ የሚሰቀልበት ቀን ደረሰ። አገሩ ሁሉ ወጣ፤ እልልታው ሌላ ነበር። አናጢው ማሩ ከባሕር ዛፍ በተሠራው መወጣጫ ላይ ሆኖ ጉልላቱን ሊቀበል እጁን ሲዘረጋ እንጨቱ ተሰበረ። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ነው። አራት ሰዎች ቆሰሉ። ማሩ ደጀ ሰላሙ ድንጋይ ላይ ወድቆ አንዲት ቃል ሳይናገር አረፈ።

ማሩ ለላቀው አበልጁ ነበር፤ የመጀመሪያ ልጁን ክርስትና ያነሳለት ላቀው ነው። የማሩ ሚስት እማዋይሽ ለሰሊጥ አጨዳው ሠራተኞች ወጥ ልትሠራ ከወንድሟ ከእንግዳው ጋር ሳንጃ ወርዳለች። ላቀው ለማልቀስ እንኳ ጊዜ አልነበረውም። ሽማግሌዎቹ ከግቢው ዛፍ ሥር ተሰበሰቡና የሁሉ ታላቅ አያ ዳኛው ነገሩን ቆረጡት።

«ለእንግዳው ይደወልለት። 'ማሩ እግሩን ተሰብሯል' ብሎ ይዟት ይምጣ። ዛሬ ጠዳ አክስቷ ቤት ትደር። ሊነጋጋ ሲል ላቀው ይነግራታል፤ ከዚያ እንቀብራለን። ሸጋ?»

«ሸጋ» አሉ ሁሉም።

ላቀው ደወለ። የእንግዳው ስልክ ዝግ ነው። እሷ ስልክ የላት። ደግሞ ደወለ፤ ያው ነው። ሦስተኛ ሊሞክር ሲል ስልኩ በእጁ ላይ ጮኸ። አዜብ ነበረች።

«ጋሽ ላቀው፣ የእናንተ ቤተ ክርስቲያን ተቃጠለ፣ አሥራ ሁለት ሰው ታረደ ተብሎ በየስልኩ እየዞረ ነው። ከሌላ አገር የተነሳ የእሳት ፎቶ ለጥፈውበታል። እውነት ነው እንዴ?»

«ኧረ በስመ አብ! መወጣጫ ተሰብሮ ነው። አንድ ሰው ነው የሞተብን።»

«እንግዲያው አሁኑኑ ይናገሩ። ጠዳ ላይ ጎረምሶች መንገድ መዝጋት ጀምረዋል። የሌላው እምነት ሰዎች ሱቃቸውን እየዘጉ ነው። አንድ ሰዓት የለዎትም።»

«እሺ። ግን ሚስቱ አልሰማችም። ስሙን ልተወው?»

«ስም የሌለው ሞት አሥራ ሁለት ይሆናል ጋሽ ላቀው። ሰው አንድ ብቻ መሆኑን የሚያምነው ስሙን ሲሰማ ነው።»

ቄስ ሐብተ ማርያምን አያቸው። እሳቸው መስቀላቸውን እያገላበጡ «የሠለጠንህበት አንተ፤ አንተ ታውቃለህ» አሉ። እንግዳው ጋ አንድ ጊዜ ደግሞ ደወለ። ዝግ ነው። ከዚያ እንዲቀርጹት ስልኩን ለቄሱ ሰጣቸው፤ በአንድ እጃቸው መስቀል፣ በአንድ እጃቸው ስልክ ይዘው ወደ እሱ አነጣጠሩ። ላቀው ቀጥ ብሎ ቆመ።

«ዛሬ ስድስት ሰዓት ላይ በአርባ ዛፍ ኪዳነ ምሕረት ጉልላት ሲሰቀል መወጣጫው ተሰብሮ፣ አናጢው አቶ ማሩ ሞቷል፤ አራት ሰዎችም ቆስለዋል። አደጋ ነው፤ የማንም እጅ የለበትም። ሕዝባችን ተረጋግቶ በጸሎት ያስበን።»

ለአዜብ ላከላት፤ ድርጅቷም በገጹ ለቀቀው። ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ የጠዳ መንገድ ተከፈተ። ማንም ድንጋይ አልወረወረም፤ የማንም ሱቅ አልተሰበረም። ይህ እውነት ነው፤ አይካድም። የአዘዞው ሼህ ራሳቸው ደውለው «አላህ ይስጥህ፣ ስንት ደም አዳንህ» አሉት። እንግዳው ግን ማታም አልተገኘ።

በማግስቱ ረፋድ ላይ እማዋይሽ መጣች። ሰው ደግፏት አልመጣችም፤ ሰውን እየጎተተች ነው የመጣችው። ድምፅዋ ከሳንጃ ጀምሮ አልቋል። ላቀው ከለቀስተኛው ሰልፍ ወጥቶ ሊያቅፋት እጁን ሲዘረጋ፣ ጩኸቷን ገታ አድርጋ ፊቱ ቆመች።

«አበልጄ» አለችው፤ በሹክሹክታ ያህል ነው። «በርበሬ እየገዛሁ ነበር። ሻይ ቤቱ በር ላይ ከአንድ ሰው ስልክ ድምፅህን ሰማሁ። 'ኧረ ያገሬ ሰው ነው! የልጄ ክርስትና አባት ነው!' አልሁና ሰው ገፍቼ ገባሁ። እየሳቅሁ ነው የገባሁት።»

ላቀው የዘረጋውን እጅ አወረደ።

«'እስቲ ከመጀመሪያው ክፈትልኝ' አልሁት ባለ ስልኩን። ከፈተልኝ። በደንብ የሰማሁ አልመሰለኝም፤ 'ድገምልኝ' አልሁት። ደገመልኝ።»

«ማን... ማን ያዘሽ?» ከአፉ የወጣው ይኸው ብቻ ነበር።

«ማን ይይዘኛል? መሬት ነዋ! አንዱ ስልኩን አወጣና ስንከባለል ቀረጸኝ።» ነጠላዋን አጠበቀች። «ሃያ ዓመት የሰውን ሁሉ ሞት አባብለህ ስትናገር፣ የኔን እንዴት እንዲህ ወረወርኸው? ለኔ ሲሆን ምነው አጠረብህ?»

አልፋው ወደ ሬሳው ሄደች። ሙሾው ተጀመረ። ላቀው በዚያ ቀን ከቀባሪዎቹ ኋላ ቆመ።

በሰልስቱ አዜብ ደወለች። ደስ ብሏታል። «ጋሽ ላቀው፣ መግለጫዎን መቶ ሺህ ሰው አይቶታል። የሚቀጥለው ሥልጠና ላይ እንደ ምሳሌ ልናሳየው ነው። እርስዎም መጥተው ቢናገሩ...»

«ያችን ስትንከባለል የቀረጿትንም ታሳያላችሁ?»

«የቱን?»

ነገራት። «አልሰማሁም ነበር» አለች አዜብ። «ስሙን ይጥሩ ያልሁዎት እኔ ነኝ።»

«አፉ የኔ ነው» አለና ዘጋው። ለሥልጠናውም አልሄደ።

የገና ጾም ሰሞን ወደ ቄስ ሐብተ ማርያም ቀረበ፤ ነፍስ አባቱ ናቸው። ከግቢው ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ሰሙት። ቆይተው ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ሐሰት ተናገርህ?»

«አልተናገርሁም።»

«ክፋት አስበህ ነበር?»

«አላሰብሁም።»

«እንግዲህ በምኑ ቀኖና ልስጥህ ልጄ? ሰው አድነሃል።»

«ቢሰጡኝ ይሻለኝ ነበር አባ» አለ ላቀው። «ቀኖና ተሸክመውት ቢያንስ አንድ ቀን ይወርዳል።»

ቄሱ መስቀላቸውን አሳለሙት። እማዋይሽ በርሽን ዘጋሽ እንዳትባል ሰላምታ ትመልስለታለች። የክርስትና ልጁን ግን ለገና እንኳ አልላከችለትም። መንገድ ላይ ሲያገኛቸው ሰዎቹም ተለውጠዋል፤ እጁ ላይ ስልክ ካዩ ወሬያቸውን ያቋርጣሉ፤ ሴቶቹ ደረታቸውን ይይዛሉ። ስልኩን ቤት ጥሎት መዋል ጀመረ። ደረታቸውን መያዛቸው ግን አልቀረም።

ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ የእናኑ ልጅ ባሕር ዳር መንገድ ላይ መኪና ተገልብጦበት ሞተ። እናኑ መበለት ናት፤ ሌላ ልጅ የላት። ላቀው በማለዳ ሲሰማ፣ እግሩ ራሱ ሽማግሌዎቹ ወደሚሰበሰቡበት ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ወሰደው። አያ ዳኛውና ሁለት ሰዎች ቆመው ይንሾካሾካሉ።

«አንተ ቤትህ ግባ ላቀው» አሉ አያ ዳኛው። «ብርድ ነው።»

«አያ ዳኛው፣ እናኑን እኮ አውቃታለሁ። ባሏን የነገርኋት እኔ ነኝ።»

«እናውቃለን። ድሮ ሰው አንተን ሲያይ ቁጭ ብሎ ይጠብቅህ ነበር። አሁን ሲያይህ ይጮኻል።» ክፋት አልነበረባቸውም፤ ትከሻውን እንኳ መታ መታ አደረጉት። «ምን ይደረግ፤ የታዘዘ ነው። እኛ እንደምንም እንወጣዋለን።»

ሦስቱ ሄዱ። ላቀው ከአጥሩ ላይ ሆኖ ተከተላቸው በዓይኑ። በላይኛው መንገድ ወረዱ። በዚህ ሰዓት እናኑ ብቻዋን በረት ውስጥ ላም እያለበች ነው፤ ከበረቱ ደግሞ የላይኛው መንገድ ወለል ብሎ ይታያል። ሦስት ጋቢ የደረቡ ሽማግሌዎች ከቤተ ክርስቲያን በኩል በማለዳ ሲወርዱ ያየች እናት ሌላ ምን ይነገራታል? መሄድ የነበረባቸው በታች፣ በወንዙ በኩል ነው፤ መጀመሪያ የእህቷን በር አንኳኩተው፣ እህቷን አስቀድመው፣ እናኑ ወተቱን ይዛ ቤት ከገባች በኋላ።

ሊጣራ እጁን አነሳ። አፉንም ከፈተ። ግን በዚያ ፀጥታ ከቤተ ክርስቲያን ጀርባ አንድ ሰው ቢጣራ፣ ጥሪው ራሱ መርዶ ነው፤ ያውም በላቀው ድምፅ። እጁን መለሰ።

ጩኸቱ ሽማግሌዎቹ መንገዱን ሳያጋምሱ ተሰማ። ከበረቱ ነው። አንድ ድምፅ ብቻ ነበር፤ «አይዞሽ» የሚል ሌላ የሴት ድምፅ አልተከተለውም። ሽማግሌዎቹ በእርጅና እግራቸው መሮጥ ጀመሩ፤ ገና ብዙ ይቀራቸዋል።