ዜሮ ሰው

መሥሪያ ቤቱ ሁሉ «አቶ ቆጥብ» ይለዋል። የወጣለት ስም ነው፤ ያወጡለትም አልተሳሳቱም። ሁለት ሰዎች ኮሪደር ላይ ቆመው ሲያወሩ ካገኘ ሰላምታውን ትቶ ከራሳቸው በላይ ያለውን አምፖል ነው የሚያየው። የስምንት ፎቁን ሕንፃ መብራት፣ ማራገቢያና ሊፍት በኮምፒውተር የሚያስተዳድረው እሱ ነው። አስተዳድራለሁ ይበል እንጂ ኮምፒውተሩ ራሱን ችሎ ነው የሚሠራው፤ እሱ ሕጉን ይጽፍለታል። ሰው ከሌለ መብራት ይጥፋ፣ ሰው ከሌለ ማራገቢያ ይቁም። ሰው መኖር አለመኖሩን የሚናገሩት ሁለት ነገሮች ናቸው፤ አንደኛው ጣሪያ ላይ የተለጠፈው፣ የሰውነት ሙቀት ሲንቀሳቀስ የሚያይ ሴንሰር ነው። ሁለተኛው ሠራተኛው ሲገባና ሲወጣ በር ላይ የሚያስነካው ካርድ።

እውነት ለመናገር ሥራው ያኮራል። በአንድ ዓመት የሕንፃው የመብራት ፍጆታ በሲሶ ወረደ፤ ሥራ አስኪያጁም በስብሰባ መሀል ትከሻውን መታ መታ አደረጉለት። ከዚያ ወዲያማ ማን ይቻለው!

ሊፍቱን የተከሉት ሰዎች «የሰው ቁጥር ዜሮ ከሆነ በኋላ ዐሥር ደቂቃ ይጠብቅና ይጥፋ» ብለው ነበር። «ዐሥር ደቂቃ ለማን? ለሰይጣን?» አለና ሰረዘው። የሊፍቱ የድረሱልኝ ደወል ድሮ የሚጮኸው መቆጣጠሪያ ክፍል ውስጥ ለሚቀመጥ ተረኛ ነበር። ተረኛ ደግሞ መብራት ይፈልጋል፣ ማሞቂያ ይፈልጋል። ስለዚህ ተረኛው ቀረና ደወሉ ወደ አቶ ቆጥብ ሞባይል ዞረ።

የሚያንገበግበው አንድ ነገር ብቻ ቀረ። የሠራተኛው ካርድ በር ላይ ባለ ሣጥን ነው የሚቀመጠው፤ ሲወጣ ማስነካት የሚረሳ ደግሞ አይጠፋም። ቅዳሜ አንዱ ከረሳ ሕንፃው «አንድ ሰው አለ» ብሎ እስከ ሰኞ ሲያበራና ሲያራግብ ይከርማል። እናም አቶ ቆጥብ ዘበኛውን ጠርቶ መላ ነገረው። ይህ ዘበኛ በሩን እንደ ጦር ሰፈር ስለሚጠብቅ «ሻምበል» ይሉታል፤ ማዕረጉን ማን እንደሰጠው እሱም አያውቅ።

«ሻምበል፣ ቅዳሜ ስድስት ተኩል ላይ ያልተነካ ካርድ ካለ አንተው አስነካልኝ። ዜሮ ይሁንልኝ እንጂ ሌላ አልፈልግም።»

ሻምበልም ትእዛዝ ነፍሱ ነው። ማን ወጣ፣ ማን ቀረ ብሎ መመልከት ያኔውኑ ቀረ። ስድስት ተኩል ሲሆን የተረፉትን ካርዶች እንደ ካርታ ይደረድርና ጢው፣ ጢው፣ ጢው ያደርጋቸዋል። ከዚያ በሩን ዘግቶ ጎጆው ገብቶ ሬዲዮውን ይከፍታል።

አቶ ቆጥብ ቤት ደግሞ አባቱ አሉ። የመርሳት በሽታ ከያዛቸው ሁለት ዓመት አለፈ፤ ስኳርም አለባቸው። ሚስት የለውም፤ ሠፈርተኛው «ሴት ብታገባው መብራት ታበዛበታለች ብሎ ነው» እያለ ይስቅበታል። ጠዋት መርፌያቸውን ወግቶ ቁርሳቸውን አብልቶ ይወጣል፤ ሲወጣ በሩን ከውጭ ይቆልፋል። ምን ያድርግ? አንዴ በሌሊት ልብሳቸው ወጥተው ሦስት ሠፈር አልፈው ነው የተገኙት። ሰባት ሰዓት ላይ ከየትም ብሎ ደርሶ ምሳ ያጎርሳቸዋል። ምግብ ፊታቸው ቢቀመጥ እንኳ ብሉ ካልተባሉ አይበሉም። ሐኪሙም ቁርጡን ነግሮታል፤ መርፌ ተወግተው ምሳ ካለፋቸው ስኳሩ ይወርዳል፣ ከወረደ ደግሞ ራሳቸውን ስተው በዚያው ሊቀሩ ይችላሉ። ጎረቤቲቱ «አንድ ቁልፍ ለእኔ ተውልኝ» ብላ ስንቴ ለምናዋለች። «ሁለት ቁልፍ ሁለት ጣጣ ነው» ይላታል።

አባቱ ያሉበት ክፍል መስኮት የለውም። እዚያም ከመሥሪያ ቤት የተረፈች አንዲት ሴንሰር ገጥሞበታል። ሽማግሌው ዝም ብለው ሲቀመጡ መብራቱ ድርግም ይላል። «ዓይኔ ጠፋ!» ብለው ይጮኻሉ። «ዓይንህ ደኅና ነው፣ አባባ። እጅህን አወዛውዝ! እሱ የሚያየው የሚንቀሳቀስ ብቻ ነው» ይላቸዋል። ያወዛውዛሉ፣ ይበራል። ሲደክማቸው ይጠፋል።

የዚያን ቀን ቅዳሜ፣ ስድስት ሰዓት ከዐሥር ላይ፣ ሰባተኛ ፎቅ ማራገቢያ እየተንጫጫ ነው ተባለ። አቶ ቆጥብ ሦስተኛ ፎቅ ባለው መቆጣጠሪያ ክፍል ሞባይሉን ቻርጅ ላይ ትቶ «አምስት ደቂቃ ናት» እያለ ወጣ። አምስት ደቂቃዋ ሃያ ሆነች። ሊፍቱን ሲጠራው ከስምንተኛ ፎቅ የመጣች ሴት ውስጥ ቆማለች፤ ባልዲና መወልወያ ይዛለች። እታለም ናት፤ የጽዳት ሠራተኛዋ። በዕድሜ ዐሥር ዓመት ትበልጠዋለች፣ በአፍ ደግሞ ሃያ።

«ዛሬስ ምኑን አጥፍተህ መጣህ?» አለችው።

«አስተካክዬ ነው፣ እታለም። አንቺስ እስካሁን?»

«ስብሰባ አዳራሹ ላይ አንዱ ጭማቂ ደፍቶ ሄዶ! እኔ ባልቀር ሰኞ ዝንብ ነበር ስብሰባውን የሚመራው።»

ሳቁ። ሊፍቱ ስድስተኛን አለፈ፣ አምስተኛን አለፈ፣ አራተኛን አለፈ። ከዚያ ግጭ አለና ቆመ፤ ጨለማ ሆነ። ከላያቸው የነበረው የማራገቢያ ድምፅ እየቀነሰ ሄዶ ጸጥ አለ።

«ምን ሆነ?»

«ተኛ።»

«ማን?»

«ሕንፃው» አለ አቶ ቆጥብ። ምን እንደሆነ ከእሱ በቀር የሚያውቅ የለም፤ ስድስት ተኩል ነው፣ ሻምበል ጢው ጢው አድርጓል፣ ሊፍቱ ውስጥ ሴንሰር የለም፣ ኮምፒውተሩ ላይ ደግሞ «በሕንፃው ውስጥ ያለ ሰው፦ ዜሮ» የሚል ጽሑፍ ወጥቷል። እስከ ሰኞ ጠዋት ማንም አይመጣም።

በእጁ እየዳበሰ የደወሉን ቁልፍ አገኘና ተጫነው። ትንሽ ቆይቶ ከበሩ ማዶ፣ ከመቆጣጠሪያ ክፍሉ በኩል፣ ስልክ ጮኸ። እታለም ጆሮዋን አቆመች።

«ሰው አለ! ስልክ አለ! አንሱ እንጂ!»

«ተይው፣ እታለም።»

«ምኑን ነው የምተወው? እየጠራ!»

«የእኔ ስልክ ነው» አለ።

እታለምን ሳቅ አፈናት፤ ቁጭ ብላ ባልዲዋን ይዛ እስክታነባ ሳቀች። አቶ ቆጥብ ግን አልሳቀም። ስልኩ ጮኾ ጮኾ ቆመ። ደግሞ ተጫነ። ደግሞ ጮኸ።

በሩን በጥፍሩም በትከሻውም ታገለው። ከአራት ጣት በላይ አልከፈት አለ። በክፍተቷ በኩል ትንሽ ብርሃን ገባ፤ የሦስተኛው ፎቅ ወለል ከእግራቸው ክንድ ያህል ዝቅ ብሎ ይታያል። ኮሪደሩ ባዶ ነው፤ ጣሪያው ላይ ሴንሰሯ ቁጭ ብላ ታያቸዋለች፣ ማለትም አታያቸውም። ተራ በተራ ጮኹ። ሻምበል ከሦስት ፎቅ በታች፣ ከግቢው ማዶ፣ ሬዲዮውን ከፍቶ ተቀምጧል። ማን ይስማቸው? የእታለም ስልክ ደግሞ ምድር ቤት ልብስ መቀየሪያ ሣጥን ውስጥ ነው፤ የጽዳት ሠራተኛ በሥራ ሰዓት ስልክ አይያዝም የተባለው መቼም ይታወቃል።

ሰባት ሰዓት ሲሆን አቶ ቆጥብ ሰዓቱን ደጋግሞ እያየ በረጅሙ ይተነፍስ ጀመር። እታለም አየችው።

«አየር አነሰህ እንዴ? ና፣ በዚች ቀዳዳ ተንፍስ።»

«አባቴን» አለ። ቆይቶ ሁሉንም ነገራት፤ መርፌውን፣ ምሳውን፣ የተቆለፈውን በር። ቁልፉን ከኪሱ አወጣና አሳያት።

«ሌላ ቁልፍ ማን ጋ አለ?»

«ማንም ጋ የለም።»

«ሽማግሌ ሰው ከውጭ ቆልፈህ?»

«እንዳይጠፋብኝ ብዬ እኮ ነው፣ እታለም።»

«ያንተም ማሽን እንዲያ ብሎ ይሆናላ የቆለፈብን» አለች። ነገሩ ለክፋት አልነበረም። እሱ ግን ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተንሸራተተና ራሱን በጉልበቶቹ መሀል ቀበረ። ጠዋት ሲወጣ አባቱ «ቶሎ ና» ብለውት ነበር። «እሺ» እንኳ አላላቸውም፤ የቤታቸውን ኮሪደር መብራት ሊያጠፋ ቸኩሎ ነበር።

ስምንት ሰዓት አለፈ። ሰዓቱን ማየት ፈራ። ሊፍቱ ውስጥ ያለው አየር ከብዷል፣ ላብ በላብ ሆነዋል፤ ደወሉንም ቢጫነው ስልኩ ባትሪው አልቆ መጥራት ትቷል። እታለም ግን እጇን አጣጥፋ የምትቀመጥ ሴት አይደለችም። መወልወያዋን በክፍተቷ አሾልካ ኮሪደሩ ላይ ታወዛውዘው ጀመር።

«አይጠቅምም» አላት። «እሷ የምታየው የሰውነት ሙቀት ነው። ቀዝቃዛ ነገር ቢጨፍርላትም አታየውም።»

እታለም ዞር ብላ አፈጠጠችበት። «ሙቀት ነው የምትፈልገው?»

«አዎ።»

«አንተ ሰውዬ! ይህን በሆድህ ይዘህ ነው ሁለት ሰዓት ሙሉ የምታለቅሰው?»

የሥራ ጋዋኗን አወለቀች። ጭብጥ አድርጋ ብብቷ ሥር ከተተችው፣ አቅፋም ቆየች። ከዚያ መወልወያው ጫፍ ላይ ጠምጥማ አወጣችና አወዛወዘችው። ሴንሰሯ ላይ ቀይ ነጥብ ብልጭ አለች።

«አየችው!» ብሎ አቶ ቆጥብ ዘሎ ቆመ።

ኮሪደሩ ግን እንደተኛ ነው። ያኔ ትዝ አለው፤ ዘንድሮ ርግብ በመስኮት እየገባች ሕንፃውን ብትቀሰቅስበት፣ ዜሮ ከሆነ በኋላ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ሦስት ጊዜ ካልታየ አይቆጠርም ብሎ ጽፏል። ርግቧን ብሎ! ጋዋኑ ደግሞ ሁለተኛው ላይ ቀዝቅዞ ነበር። እንደገና አሞቁት፣ እንደገና ሁለት ላይ ቆመ።

«ሦስት ልብስ ያስፈልጋል» አለ። ሹራቡን አወለቀ። ሸሚዙን አወለቀ። ሦስቱን ተካፍለው ደረታቸው ላይ አቀፉ፤ ሁለት ጎልማሶች በጨለማ ውስጥ ጨርቅ እንደ ሕፃን ታቅፈው ቆሙ። እሱ ከንፈሩ ይንቀሳቀሳል። እየጸለየ ነበር።

«በል» አለች።

ጋዋኑ ወጣ፣ ብልጭ። ሹራቡ ወጣ፣ ብልጭ። ሸሚዙ መወልወያው ላይ አልጠመጠም አለ። እታለም ነጥቃው በጥርሷ ቋጠረችውና ብቅ አደረገችው።

ብልጭ።

ኮሪደሩ በራ። ማራገቢያው አጓራ። ሊፍቱ ግጭ ብሎ ተንቀሳቀሰና ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉ ምድር ቤት አድርሶ በሩን ከፈተላቸው።

ሻምበል መብራቱን አይቶ ዱላውን ይዞ ሲሮጥ መጣ። ጋዋን የሌላት እታለምንና በካናቴራ የቀረውን አቶ ቆጥብን ሲያይ ዓይኑ ፈጠጠ።

«እናንተ... ወጥታችኋል እኮ!»

«ሻምበል፣ በሩን!»

«በስድስት ተኩል ወጥታችኋል! እኔው ራሴ ነኝ ያስነካሁት!»

«በሩን ክፈትለት አንተ!» ብላ እታለም ጮኸችበት። «አባቱ ሊሞቱበት ነው!»

አቶ ቆጥብ በካናቴራው መንገድ ገባ። የዐሥር ደቂቃውን መንገድ እንዴት እንደጨረሰው አያውቅም፤ ሰው እየዞረ ሲያየው አላፈረም። በሩ ጋ ሲደርስ ዘጠኝ ሰዓት አልፏል። ቁልፉ ቀዳዳውን አልገባ ብሎ ሁለት ጊዜ ወደቀበት። ጎረቤቲቱ ደጇ ላይ ቆማ ነበር።

«ስንቴ አንኳኳሁ መሰለህ! ድምፃቸው ከጠፋ ቆየ» አለችው።

የውስጠኛው ክፍል ድቅድቅ ያለ ጨለማ ነው። እሱ በሩን ገፍቶ ሲገባ መብራቱ በራ። አባቱ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጠዋል፤ ልብሳቸው በላብ ርሷል፣ ፊታቸው አመድ መስሏል። ቀኝ እጃቸው ከጉልበታቸው ላይ አንድ ጣት ያህል ከፍ ትልና ትወድቃለች። ደግሞ ከፍ ትልና ትወድቃለች።

ስኳር በውኃ በጥብጦ በማንኪያ ሰጣቸው። የመጀመሪያው በአገጫቸው ፈሰሰ። ሁለተኛውን ዋጡ። ጎረቤቲቱ ከኋላ ደግፋ ይዛቸው፣ እሱ «አባባ፣ ዋጥልኝ፣ አባባ» እያለ ብርጭቆው እስኪያልቅ አጠጣቸው። ከሩብ ሰዓት በኋላ ዓይናቸው ተገልጦ ፊቱን ፈለገ።

«አወዛወዝኩለት» አሉ። «እንዳልከኝ እጄን አወዛወዝኩለት። እኔ አለሁ፣ እሱ ግን አላየኝም።»

አቶ ቆጥብ እጃቸውን ይዞ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ጎረቤቲቱ አለች ብሎም አልተሸሸገ። አልቅሶ ሲጨርስ ወጥቶ ውጭኛው በር ላይ የቀረውን ቁልፍ ነቀለና መዳፏ ላይ አኖረው። ከመሣቢያው ካቻቢቴ አውጥቶ ወንበር ላይ ወጣ፤ ሴንሰሯን ፈቶ ገመዱን ለገመድ አገናኘ። መብራቱ በርቶ ቀረ። ምሳቸውን አሙቆ አቀረበና አንድ ጉርሻ፣ ሁለት ጉርሻ እያለ ያበላቸው ጀመር።

ሽማግሌው እያኘኩ ወደ በሩ አዩ። ውጭኛው በር ወለል ብሎ እንደተከፈተ ነበር፤ የመንገዱ ጫጫታና የከሰዓት ፀሐይ እስከ አልጋው እግር ድረስ ገብቷል።

«ልጄ፣ በሩን ረሳኸው። ነፋስ ይገባል።»

«ይግባ፣ አባባ» አለ። «ይግባ።»