እየያዘ እየቆረጠ

ዶሮ አርቢው ዓይኑ ደም ለብሶ አካፋውን ሲሰነዝር፣ የእንስሳት ሐኪም የሆነችው ታናሽ እህቱ ለመሸሽ ጊዜ አላገኘችም። ትከሻዋን ብሎ ከሞቱት ዶሮዎች ክምር ላይ ጣላት። በሽታው እንዳይዛመት የዶሮዎቹን አንገት ሲጠመዝዙ የነበሩት ባለ ነጭ ቱታ ሠራተኞች ዘልለው ያዙት።

"ዶሮን ሲያታልሏት በመጫኛ ጣሏት!" እያለ ታገላቸው። "አንዱን የዶሮ ቤት ብቻ ነው ብላችሁ ሁሉንም ጨረሳችሁብኝ! ዓይን የለው፣ እግር የለው፤ ይሄ የወፍ ጉንፋን ቫይረስ በምኑ ነው የሚሄደው?"

ሐኪሟ ትከሻዋን ይዛ ተነሳች። ተናዳለች። ግን ወንድሟ ነው፤ ስምንት ዓመት ሙሉ ከዶሮዎቹ ጋር ተኝቶ ከዶሮዎቹ ጋር ሲነሳ አይታለች።

"የዶሮዋ የሰውነት ሕዋስ ላይ እንደ ፀጉር የበቀለ ስኳር አለ፣ ጋሼ። ቫይረሱ እሱን ይይዛል። ይዞ ቢቀርማ እዚያው ባለቀለት። ግን መቀስም አለው፤ የያዘውን ቆርጦ ወደሚቀጥለው ፀጉር ይንከባለላል። እየያዘ እየቆረጠ የሕዋሱ መግቢያ ጋ ይደርሳል። ገብቶ ከተባዛ በኋላም ቆርጦ ነው ወደ ሌላው ሕዋስ የሚሄደው።"

"ተረትሽን ለልጆች!"

ጠዋት ሠራተኞቹ የሰጡትን ጓንት ጭቃ ላይ የወረወረውም እንዲሁ ብሎ ነበር። መኪናቸው በሩ ላይ ሲቆም ደግሞ ምርጥ ምርጦቹን አራት ዶሮዎች በካርቶን አድርጎ፣ እርጉዝ ሚስቱ የምትተኛበት አልጋ ስር ከትቷቸዋል። ዘር ይሆኑኛል ብሎ። ሰው ሲደብቅ ብልጥ የሆነ ይመስለዋል።

የቤቱ በር ተበረገደ። ሚስቱ አንዷን ዶሮ ደረቷ ላይ አቅፋ ወጣች። የዶሮዋ አንገት ወደ ኋላ ተጠምዝዟል፤ ከአፏ ደም የቀላቀለ ለሃጭ ይንጠባጠባል።

"አንተ ሰውዬ፣ ይቺ ምን ነክቷት ነው? ውሃ በአፌ ብሰጣት እንኳ እንቢ አለችኝ።"

"ጣያት!" ብላ ጮኸች ሐኪሟ።

አርቢው ከያዙት እጆች ተፈናጥሮ ሮጠ። ዶሮዋን ከሚስቱ ደረት ነጥቆ መሬት ላይ ፈጠፈጣት፤ ክንፏ መንፈራገጡን እስኪያቆም በጫማው ደጋግሞ ረገጣት። ደሙ ፊቱ ላይ ተረጨ። ከዚያ ወደ እህቱ ዞረ።

"በአፏ... በአፏ እኮ ነው ያጠጣቻት! ምን ላድርግ?"

"መቀሱን የሚያደነዝዝ መድኃኒት አለ። ቶሎ ከተጀመረ ይረዳል። አሁኑኑ ሐኪም ቤት ልውሰዳት። ሌላ ደብቀሃል?"

"ሦስት" አለ አንገቱን ደፍቶ።

ሚስቱ እያለቀሰች የፊቱን ደም በእጅጌዋ ልትጠርግለት ተጠጋች። ወደ ኋላ አፈገፈገ።

"አትንኪኝ። ከእሷ ጋር ሂጂ።"

ጓንቱን ከጭቃው አንስቶ አጠለቀና ሦስቱ ዶሮዎች ወዳሉበት መኝታ ቤት ገባ። በሩን ከውስጥ ዘጋው።