የሩለን መለዋወጫ ቺንጋ

የእህቴ ባል ሩለን አዲሱን የበረዶ ሞተር በተረከበ በሦስተኛው ቀን፣ ገና ከግቢው ሳያወጣው፣ ባለቤቶች አስተያየት የሚጽፉበት ድረ ገጽ ላይ አምስት ኮከብ ሰጥቶት እንዲህ ሲል ጻፈ፦ «ላባ ነው። ተራራው ራሱ ዝቅ ብሎ ያሳልፈዋል። ችግሩ አንድ ብቻ ነው፤ አብሮኝ የሚወጣው የሚስቴ ወንድም አሥራ አንድ ዓመት የሞላው አሮጌ ስለሚነዳ፣ ግማሽ ቀኔን እሱን ከበረዶ ውስጥ ስቆፍር እውላለሁ።»

የሚስቱ ወንድም እኔ ነኝ። ኮርዴል እባላለሁ። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ታሪክ ስለማስተምር፣ ተጽፎ ያየሁትን ነገር ሁሉ ምንጩን የመጠየቅ አመል አለብኝ። ባለፈው ክረምት ሩለንን ዘጠኝ ጊዜ ከበረዶ አውጥቼዋለሁ። እሱ እኔን ያወጣኝ ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዱንም ፎቶ ሲያነሳኝ ነው የጨረሰው።

ግን ዝም አልኩ። ትዕግሥት እንዳይመስላችሁ። በእኛ ሸለቆ ብቻውን ተራራ የሚወጣ የለም። ናዳ ቢጫንህ የሚቆፍርህ ሰው ያስፈልግሃል፤ ሰውየው ወዳጅህ ባይሆንም ግድ የለም፣ አካፋ ይኑረው። ሌላው ሁሉ ከወንድሙ ወይም ከጎረቤቱ ጋር ተጣምሮ አልቋል፤ ለእኔ የቀረልኝ ሩለን ነው። ከሩለን ጋር ከተጣላሁ ክረምቴ አበቃ፤ ከኅዳር እስከ ሚያዝያ ቤት ተቀምጬ የተማሪ ፈተና ሳርም እከርማለሁ።

ሞተሩን የገዛው ባለፈው ሚያዝያ ነው። ወጋችን ነው፤ በረዶው ቀልጦ ጭቃው ቁርጭምጭሚት ሲደርስ፣ ገና ላልተሠራ ሞተር ቀብድ እንከፍላለን። ቀለሙን ትመርጣለህ፣ በረዶ ላይ የሚያስኬደውን የጎማ ሰንሰለት ርዝመት ትመርጣለህ፣ ከዚያ ስምንት ወር ሙሉ ስለሌለ ነገር ታወራለህ። ሩለን በሠርግ አወራ፣ በቀብር አወራ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ምስክርነት ሊሰጥ ወጥቶ ወደ ሰንሰለቱ ርዝመት ሲያዘነብል፣ እህቴ ሜሪሊ ከታች ዓይኗን ብታፈጥበት ነው አሜን ብሎ የወረደው።

ሞተሩ ሲመጣ ደግሞ ክብደት መቀነስ ጀመረ። የራሱን አይደለም፣ የሞተሩን። የነፋስ መከላከያውን አወለቀ፣ የመፍቻ ከረጢቱን አወለቀ፣ የመለዋወጫ ቺንጋውን ማስቀመጫ ፈትቶ ጣለ። ቺንጋው የሞተሩን ጉልበት ወደ ሰንሰለቱ የሚያሳልፍ የጎማ ቀበቶ ነው፤ እሱ ከተበጠሰ የቀረው ሁሉ ውድ ወንበር ነው። ራሱ መቶ ሃያ ኪሎ የሚመዝን ሰው አንድ ኪሎ ተኩል የማይሞላ ቀበቶ ከበደኝ አለ።

ቅዳሜ ጠዋት ተራራው ሥር ካለው የመኪና ማቆሚያ ላይ ያንኑ ቺንጋ ወረወረልኝ።

«ያንተ ቦርሳ ውስጥ ትሁን።»

«ለምን?»

«ያንተ አህያ ነው። አህያ ጭነት አይመርጥም።»

«ሮዳጁን ጨርሰሃል?»

«የምን ሮዳጅ?»

«አዲስ ቺንጋ ሃምሳ ኪሎ ሜትር ቀስ ተብሎ ይነዳል። መመሪያው ላይ አለ።»

«መመሪያ አስተማሪ ነው የሚያነበው፣ አማቼ። ግማሽ ሜትር በረዶ ጥሎ ቀስ ብሎ የሚነዳ ሰው አይተህ ታውቃለህ?»

አላውቅም። በእኛ አገር ሮዳጅ የሚጨርስ የለም፤ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ግማሽ ሰዓት ይታገሣል።

አብረውን የወጡት፣ በቤተ ክርስቲያን ልማድ ወንድም የምንላቸው፣ ወንድም ዴልዊንና ልጃቸው ነበሩ። ወንድም ዴልዊን ሰባ ዓመት ያለፋቸው ላም አርቢ ናቸው፤ ሰዉ ተራራውን ከማየቱ በፊት እሳቸውን ያያል። የጳጳሱ ቦርጭ የምንለው ዳገት ሥር ስንደርስ ሞተራቸውን አጠፉ። ዳገቱ ስሙ እንደሚለው መሀሉ ላይ ያበጠ ነው።

«ነፋሱ የማዶውን በረዶ ጠርጎ እዚህ ነው የከመረው» አሉ። «ሊናድ ይችላል፤ ዛሬ አይወጣም።»

«አንድ ጊዜ ብቻ ልሞክረው፣ ወንድም ዴልዊን።»

«አይወጣም አልኩህ።»

ሩለን ወደ ኋላ ሊመለስ መሪውን አዙሮ ነበር። አፌን መዝጋት ነበረብኝ።

«እንግዲህ ላባው ነፋስ ፈራ» አልኩ።

መሪውን መልሶ አዞረው። ሞተሩ አጓርቶ ወጣ፤ እውነቱን ለመናገር አወጣጡ ያስቀናል። ጫፉ ሊደርስ ትንሽ ሲቀረው ከጎኑ ጥቁር ጭስ ተፋ፣ ሞተሩ ሳይሄድ ድምፁ ብቻ ጮኸ፣ ከዚያ እስከ ወንበሩ ድረስ ቦርጩ ላይ ተቀበረ። ቺንጋው ተበጥሷል።

የመገናኛ ሬዲዮዬ ተንጫረረ። «ኮርዴል፣ ቺንጋውን ይዘህልኝ ና።»

ዳገት ላይ ወደ ቀረ ሰው ሁለተኛ ሰው አይወጣም። ናዳውን የሚቀሰቅሰው ሁለተኛው ክብደት ነው፤ በመቃብራችን ወንድማቸውን ሊያወጡ ወጥተው ከወንድማቸው ጎን የተኙ አሉ። ሩለን ይህን አያጣውም። በየኅዳሩ ስለ ናዳ የሚሰጠውን ትምህርት አብረን ነው የምንወስደው፤ እሱ ኋላ ተቀምጦ ዶናት ይበላል።

«አልመጣም» አልኩት። «ሞተሩን ተወውና ወደ ጎን፣ ወደ ዛፎቹ ሂድ። በዛፎቹ መሀል ውረድ።»

«ሞተሬን ትቼ?»

«ትተህ።»

«ገና ሳምንቱ ነው እኮ።»

«ሕፃን አይደለም፣ አይርበውም።»

«እየሳቅክ ነው?»

«አልሳቅኩም።»

ስቄ ነበር።

ናዳ የማይደርስበት ቦታ ቆመን ጠበቅነው። ደረት በሚደርስ በረዶ ውስጥ እየዋኘ ወደ ዛፎቹ ሲጎተት እኔ ወንበሬ ላይ ተደላድዬ የአጋዘን ሥጋ ሳንድዊቼን ፈታሁ። ወንድም ዴልዊን ሳንድዊቹን አዩ፣ እኔን አዩ።

«ደንቡ ልክ ነው» አሉኝ። «ምሳው ግን ደንቡ ውስጥ የለም።»

ሩለን ከአንድ ሰዓት በኋላ ጢሙ በረዶ ጋግሮ፣ እንደ ሥራ በሬ እየጨሰ ደረሰ። እጁን ዘረጋ። ቺንጋውን ሰጠሁት።

«ሰኞ መጥተን እናወጣዋለን» አልኩት።

«ሰኞ ስለ ናፖሊዮን አስተምር።»

«ሩለን» አሉ ወንድም ዴልዊን፤ «እዚያ ላይ ዳግመኛ እግርህን ካሳረፍክ፣ ከእኔ ጋር የወጣህበት የመጨረሻ ቀን ይህ ነው።»

ጀርባውን ሰጥቷቸው በዛፎቹ መሀል ወደ ላይ ተመለሰ። ከዛፎቹ ወጥቶ ወደ ሞተሩ ሲሻገር ከታች ሆነን አየነው። እዚህ ላይ መዋሸት አልፈልግም፤ ናዳ ተመኘሁ። ትንሽ፣ ሰውየውን ትቶ ሞተሩን ብቻ የሚወስድ፣ የተማረ ናዳ። ሜሪሊ ትዝ ያለችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉ እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ዳገቱ ንቅንቅ አላለም። ሩለን ቺንጋውን ቀየረ፣ ቆፈረ፣ አስነሳ፣ በፊታችን በረዶ እየረጨብን አለፈ። ዳገቱ ቢናድ ኖሮ ጠቢብ እባል ነበር። ስላልተናደ፣ እስከ ምሽት ሸለቆው ያወራው ስለ ሳንድዊቹ ነበር። መሀሉ ላይ ምን እንደነበረ ሳይቀር ያወቁ አሉ።

ሜሪሊ ኮቷን ሳታወልቅ የወጥ ቤቴ በር ላይ ቆመች።

«በደንቡ ነው የቀረኸው ወይስ ደስ ብሎህ?»

«በደንቡ።»

«ኮርዴል።»

«በሁለቱም።»

«ጅል መሆኑን ካንተ ቀድሜ ነው ያወቅኩት» አለችኝ። «ግን የእኔ ጅል ነው። ነገ ለምሳ እንዳትመጣ።»

በሚቀጥለው ቅዳሜ ሞተሬን ጭኜ መኪና ማቆሚያው ደረስኩ። ወንድም ዴልዊንን አብሬያችሁ ልውጣ ወይ አልኳቸው።

«ሞልተናል» አሉ። ከልጃቸው ጋር ሁለት ነበሩ።

ሌሎቹንም ጠየቅኩ። አንዱ ጓንቱን አጠበቀ፣ ሌላው ነዳጅ የሞላውን ታንክ እንደገና ከፍቶ አየ። አንድ በአንድ ሞተራቸውን እያስነሱ ወጡ፣ ድምፁም ራቀ። ማቆሚያው ላይ ሰው ያለበት ሁለት መኪና ብቻ ቀረ። አንዱ የእኔ ነው። ከሌላው ውስጥ ሩለን ፊቱን ቅጭም አድርጎ የፊት መስታወቱን ያያል። ወንድም ዴልዊን የተናገሩትን አያጥፉም፤ ሌላውም ሰው ለሞተሩ ሲል ሁለት ጊዜ ሞትን የሚደፍር ጓደኛ አልፈለገም።

ሃያ ደቂቃ ያህል ሁለታችንም የመኪና ማሞቂያ ስናቃጥል ቆየን። ከዚያ ወረደና መስኮቴን አንኳኳ።

«ሰው አለህ?»

«የለኝም። አንተስ?»

«ቢኖረኝ መስኮትህን አንኳኳ ነበር?» ምራቁን ወደ ጎን ተፋ። «እንደምጠላህ ግን ይታወቅ።»

«ይታወቃል። እኔም እንደዚያው።»

«ብቀበር ትቆፍረኛለህ?»

«እቆፍርሃለሁ። እየተቆጣሁ።»

«ተቆጥተህ ከሆነ ቶሎ ትቆፍራለህ» አለና ሞተሩን ሊያወርድ ሄደ።

መቶ ሜትር ተራርቀን እየነዳን የመጀመሪያው ዳገት ሥር ደረስን። ዳገት በየተራ ነው የሚወጣው፤ አንዱ ሲወጣ ሌላው ከታች ሆኖ ይጠብቀዋል። ሩለን በእጁ ቅደም አለኝ።

«አንተ ቅደም» አልኩት።

«አንተ ቅደም።»

ማናችንም፣ ብንቀበር ሌላው ከታች መጥቶ ይቆፍረናል ብለን አምነን ለመውጣት አልደፈርንም። ሁለቱ ሞተሮች እንደተነሱ፣ ነዳጃቸው እያለቀ፣ እዚያው ጎን ለጎን ቆምን።